ተምች አስቀምጬ ዝንብ ወጣብኝ፤ ዝንቧ ትሉን በምን አገኘችው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው ሐርቡ አካባቢ የሚያስተምር ወጣት መምህር ነው። የቤተሰቡ በቆሎ ላይ መጤ ተምች ገብቷል። ትሉ ወደ እሳት ራት ሲለወጥ ለተማሪዎቼ ላሳይ ብሎ ጥቂቱን ከቅጠል ጋር ሃይላንድ ውስጥ አስቀመጠ። ከአንዳንዱ እንዳሰበው የእሳት ራት ወጣለት። ከሌላው ግን ግራጫ፣ ጀርባዋ ላይ ሸካራ ፀጉር ያላት ዝንብ ወጣች። «ትሉ የሚውለው የበቆሎው ጥቅል ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ነው፤ ዝንቧ በምን አገኘችው? በማሽተት ከሆነ ሽታውን በጠርሙስ ይዘን ዝንቧን መጥራት አንችልም ወይ? ደግሞስ ሰውና ከብት ላይ አትወጣም?» ይላል።

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ቶሎ ስለሚያልቅ። አብሽር መምህር፣ ሰው ላይ አትወጣም፣ ከብትም አትነካም። በግ አፍንጫ ውስጥ ትል የምትጥለው ዝንብ ሌላ ናት። አንተ የገለጽካት ታኪኒድ ከሚባለው ቤተሰብ ሳትሆን አትቀርም። የዚህ ቤተሰብ ዝርያዎች እስካሁን የተመዘገቡት ብቻ ከ8,000 በላይ ናቸው። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ሌላ ነፍሳት ገላ ውስጥ ነው፣ አብዛኞቹም ትል ውስጥ። እናትየዋ አበባ እየቀሰመች ትኖራለች እንጂ ማንንም አትገድልም። ገዳዩ ልጇ ነው። ትሉ በቆሎህን እየበላ ያድጋል፣ የዝንቧ እጭ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ትሉን እየበላ ያድጋል። እጩ መተንፈሻውን ከትሉ ቆዳ ወይም ከአየር ቧንቧው ጋር ስለሚያገናኘው አይታፈንም። መጨረሻ ላይ ትሉን ጨርሶት ይወጣና በቡናማ ቅርፊት ይሸፈናል። ሃይላንዱ ታች ላይ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ቡናማ ነገር አይተህ ከሆነ እሱ ነው፣ ዝንቧ የወጣችው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ብዙ ሰው «ዝንቧ ትሉን አሽትታ አገኘችው» ብሎ ያልፈዋል። እንደዚያ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ትሉ ራሱ ግን ብዙም አይሸትም። ትንሽ ነው፣ ጠላቱ ብዙ ነው። የሚሸተው ቀድሞ ይበላል፣ የማይሸተው ይተርፋል፣ የሚራባውም የተረፈው ነው። ስለዚህ ከሩቅ በራሱ ሽታ ልትይዘው አትችልም። በቆሎው ግን ትልቅ ነው፣ ሲጎዳ ደግሞ በደንብ ይሸታል። ችግሩ፣ በቆሎ ሸተተ ማለት ትል አለ ማለት ላይሆን ይችላል። እንግዲህ ዝንቧ ሁለት ዓይነት ወሬ ነው የሚደርሳት፤ አንዱ ከሩቅ የሚሰማ ግን የማይታመን፣ ሌላው የሚታመን ግን አጠገቡ ካልደረሱ የማይሰማ። ሥራዋ ሁሉ ከመጀመሪያው ተነስታ ሁለተኛው ጋ መድረስ ነው። ይህችን ከያዝክ የቀረው ዝርዝር ነው።

ሳር ሲታጨድ የሚሸትህን ሽታ ታውቀዋለህ። ቅጠል ሲቆረጥ ውስጡ ያለው ስብ ይሰባበርና በሴኮንዶች ውስጥ የሚወጣ ሽታ ነው። ፍየል ብትበላውም፣ ማጭድ ቢቆርጠውም፣ በረዶ ቢመታውም ያው ነው። ለዝንቧ ብቻውን ብዙ አይነግራትም። ልዩነቱ የሚመጣው የትሉ ምራቅ ቁስሉን ሲነካው ነው። በፈረንጆቹ 1997 አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች የመጤው ተምች የቅርብ ዘመድ ከሆነ ትል ምራቅ ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ ስሙን ቮሊሲቲን አሉት። ይህን ነገር የቆሰለ በቆሎ ላይ ስትቀባው፣ ምንም ትል ሳይኖር ተክሉ ትል እንደበላው ሆኖ ሌላ ዓይነት ሽታ ማውጣት ይጀምራል። ምላጭ ብቻውን ያንን አያመጣም።

ይህ ሁለተኛው ሽታ የብዙ ነገር ድብልቅ ነው፤ ተርፒን የሚባሉት ይበዙበታል፣ ኢንዶል የሚባልም አለበት። እንደ ሳሩ ሽታ ወዲያው አይወጣም፣ ተክሉ አዲስ መሥራት ስላለበት ሰዓታት ይፈጃል። በአብዛኛው የሚወጣውም ቀን፣ በብርሃን ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሽታው ከተበላው ቅጠል ብቻ አለመምጣቱ ነው። ያልተነካው ቅጠልም አብሮ ይሸታል። ትሉ አንድ ጥግ ላይ ተወሽቆ እያለ ተክሉ በሙሉ ይናገርበታል፤ ቡና የሚቆላው ጓዳ ውስጥ ሆኖ መንደሩ በሙሉ እንደሚያውቀው ማለት ነው። ስለዚህ «ተደብቆ እያለ እንዴት» ላልከው፣ መጀመሪያውኑ የምትፈልገው ትሉን አይደለም፣ የተበላውን በቆሎ ነው።

የዚህ ዓይነት ጥናት አብዛኛው የተሠራው እንደ ዝንቧ ልጆቻቸውን ትል ውስጥ በሚያሳድጉ ጥገኛ ተርቦች ላይ ነው። ዝንቦቹ ዘግይተው ነው ተመራማሪ ያገኙት። ቢሆንም ጃፓን ውስጥ ኤክሶሪስታ ጃፖኒካ በምትባል ታኪኒድ ላይ የተሠራ ጥሩ ሥራ አለ። ትል የበላው በቆሎ፣ ያለ ትል በሰው እጅ የተጎዳ በቆሎ፣ ምንም ያልነካው በቆሎ ቀረበላት። ትል ወደ በላው ሄደች። ቀለምም ያግዛታል፤ ሽታው ከአረንጓዴ ነገር ጋር ሲሆን ይበልጥ ታርፋለች። ዝንብ አይደለችም እንዴ፣ ያን ሁሉ ዓይን በከንቱ አልያዘችም።

እዚህ ላይ ለእኛ የማይመች ዜና አለ። በፈረንጆቹ 2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መጤው ተምች የሚበላው በቆሎ የሚያወጣው ሽታ የዚሁ ወገን የሆኑ ሌሎች ትሎች ሲበሉት ከሚያወጣው ያነሰ ነው። ትሉ የተክሉን ጩኸት የሚያዳክምበት መንገድ አለው ማለት ነው። ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። አንተ ሃይላንድ ውስጥ የወጡት ዝንቦች ራሳቸው ምስክር ናቸው።

ተክሉ ላይ ካረፈች በኋላ ጨዋታው ይለወጣል። ከዚህ በኋላ የምታነበው ቆሻሻ ነው። ጥቅል ቅጠሉ አፍ ላይ እርጥብ ሳጋቱራ የሚመስል ነገር ይከመራል አይደል? የትሉ ኩስ ነው። አንተም በማሳው ስታልፍ ትሉ ያለበትን በቆሎ የምትለየው በሱ ነው፣ ዝንቧም እንደዚያው። ትሉ የገላውን ሽታ ሊያጠፋ ይችላል፤ የበላውን ግን ማስወጣት ግዴታው ነው። ኩስ ያለበት ቦታ ደግሞ በይ ነበረ ማለት ነው፣ ይህ ወሬ ይታመናል።

ኩሱ ለዝንቦች ከተርቦች የበለጠ የሚጠቅምበት ምክንያት አለው። ተርቧ መርፌ አላት፣ ወግታ እንቁላሏን ውስጥ ማስገባት ትችላለች። አብዛኞቹ ታኪኒዶች ግን የሚወጋ ነገር የላቸውም። ትሉ ጉድጓድ ውስጥ ከሆነ እናትየዋ መድረስ አትችልም። እና ምን ታደርጋለች? ልጆቿን ትልካለች። አሜሪካ ውስጥ መጤውን ተምች ከሚያጠቁት አንዷ አርኪታስ ማርሞራተስ ትባላለች። ይህች ዝንብ ትሉን ማየት እንኳ አያስፈልጋትም። ትል ኩስ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ሲነካት በዓይን የማይሞሉ እጮቿን እዚያው ቅጠል ላይ ትጥላቸዋለች። እነሱ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ትሉ ሲያልፍ ይለጠፉበታል። ሌላዋ የኩባ ዝንብ የሚሏት ናት፤ የሸንኮራ አገዳ ቆርቁር በሠራው ቀዳዳ አፍ ላይ ኩሱን አግኝታ እጮቿን ትተዋለች፣ እጮቹ በቀዳዳው ገብተው ቆርቁሩን ያገኙታል። ቆቦ ላይ ማሽላውን የአገዳ ቆርቁር ያደረቀበት ገበሬ ኬሚካል ቢረጭም ትሉ ጋ አልደርስ ብሎት ያውቃል፤ ይህች ግን እንዲህ ትደርሳለች።

የአንተ ዝንብ እንደዚህ ላትሆን ትችላለች። በአፍሪካ መጤው ተምች ላይ ከተገኙት ታኪኒዶች መካከል ድሪኖ የሚባሉት ይገኙበታል፣ እነሱ ትሉን ራሱን ፈልገው አግኝተው ገላው ላይ ነው የሚጥሉት። እንዲህ ያለች ዝንብ ትሉ ጋ ስትደርስ በማሽተት ብቻ አትወስንም። ዝንብ የምትቀምሰው በእግሯም ጭምር ነው። በፊት እግሮቿ ትነካካዋለች፣ ቆዳው ላይ ያለውን ሰም መሰል ነገር ትቀምሳለች። ከዚያ ሌላ ብዙዎቹ መንቀሳቀስ ይፈልጋሉ። የማይንቀሳቀስ ትል ብዙም አይስባቸውም፤ ልጇን ሬሳ ላይ ብትጥል ይሞትባታላ። እንቁላል የምትለጥፍ ከሆነች ብዙ ጊዜ ከጭንቅላቱ ኋላ ትለጥፋለች፣ ትሉ በአፉ እንዳይደርስበት። ነጭ፣ ከጨው ፍሬ ያነሰች ነጥብ ናት። እንቁላሉ ሳይፈለፈል ትሉ ቆዳውን ከቀየረ አብሮ ይወልቃል፣ ድካሟ ገደል ገባ። ትልልቅ ትል የሚመርጡት ለዚህም ጭምር ይመስለኛል።

ሦስተኛ መንገድ አለ፣ ለእኔ ከሁሉም ደፋሩ እሱ ነው። አንዳንዶቹ እጅግ ጥቃቅን እንቁላል ቅጠል ላይ ይጥሉና ትሉ ከቅጠሉ ጋር እስኪውጠው ይተዉታል። እንቁላሉ የሚፈለፈለው ትሉ አንጀት ውስጥ ነው። ይህ ቁማር ስለሆነ አንዲት እናት ከሺህ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ግን እንዲያው በየቅጠሉ አትበትነውም። ሳይዜኒስ አልቢካንስ የምትባለዋ፣ ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ድረስ የኦክ ዛፍን ከሚጎዳ ትል ጋር እንድትዋጋ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የተወሰደችው፣ የተበላ ቅጠል ሽታ ይስባታል፤ ከቆሰለው ቅጠል የሚወጣውን ስኳር ስትቀምስ ደግሞ እንቁላሏን እዚያው አጠገብ ትጥላለች። ትሉ ነገ ተመልሶ የሚበላው እዚያው አካባቢ ነዋ።

አንድ ጥያቄ ራሴው ልጨምር። መጤው ተምች ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ2009 ዓ.ም ነው፣ አሜሪካዊ ነው። የእኛ ዝንብ ከየት አወቀችው? በእኔ እይታ ማወቅ አላስፈለጋትም። የምታውቀው የተበላ በቆሎ ሽታና የተምች ወገን ኩስ ነው፤ ወሎ ደግሞ ከድሮም ተምች የሚያውቅ አገር ነው። ሁለቱ ተምቾች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። መጤው በገባ ሰሞን በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በተደረገ ቅኝት ወዲያው የአገር ውስጥ ጥገኛ ነፍሳት ተገኝተውበታል። በእኛ አገር በብዛት የተገኘችው ኮቴሲያ ኢሲፔ የምትባል ትንሽ ተርብ ነበረች፤ ኬንያ ላይ ግን ዋናዋ ታኪኒድ ዝንብ ሆና ተገኝታለች። ስለዚህ በሚቀጥለው ሃይላንድህ ነጭ ሐር የመሰለ ትንሽ መጠቅለያ ካገኘህ አትጣለው፣ የተርብ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን ያወራሁት ከተክሉና ከኩሱ ወሬ ስለሚሰርቁት ነው። የባሰባቸውም አሉ፣ የፍቅር ጥሪ የሚጠልፉ። አረንጓዴ፣ ሲነኩት የሚገማ፣ ባቄላና ቲማቲም የሚመጥ ነፍሳት አለ፣ ኔዛራ ይባላል። ዛሬ ዓለምን የሞላ ተባይ ነው፤ ብዙ ባለሙያዎች ግን መነሻውን ከኢትዮጵያ ወይም ከምሥራቅ አፍሪካ ያደርጉታል። ወንዱ ሴት ለመጥራት ሽታ ይለቃል። በፈረንጆቹ 1971 የወጣ ጥናት ይኸው ሽታ ትሪኮፖዳ የምትባለውን የአሜሪካ ታኪኒድም እንደሚጠራ አሳየ። ስለዚህ የዝንቧ እንቁላል የሚበዛው ወንዱ ላይ ነው። ዝም ቢል ሚስት የለ፣ ቢጠራ ዝንብ። ፎሪድ የሚባሉት ደቃቃ ዝንቦች ደግሞ ጉንዳን ሲጣላና ሲቆስል የሚለቀውን የማስጠንቀቂያ ሽታ ተከትለው ይመጣሉ። በመካከለኛው አሜሪካ አንዲት ፎሪድ የቆሰለ ትልቅ ጉንዳን ከመንጋጋው እጢ የሚለቃቸውን ሁለት ኬሚካሎች ብቻ ወረቀት ላይ አድርገህ ብታስቀምጥላት ትመጣለች። ኦርሚያ የምትባለዋ ግን ሽታ አትፈልግም፣ የፌንጣ ዘፈን ሰምታ ነው የምትሄደው፤ ይሄ ሌላ ወሬ ስለሆነ እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

እና በጠርሙስ መያዝ ይቻላል ወይ? ለጉንዳኗ ዝንብ አዎ፣ ሁለት ኬሚካል በቂ ነበር። ለአንተዋ ግን ነገሩ ይከብዳል። የበቆሎው ሽታ ድብልቅ ነው፣ መጠኑ ይለያያል፣ በቆሎው ዓይነትም ይለወጣል። ከዚያ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማሳውን በሙሉ ሽታ ብታለብሰው ዝንቧ ትል የሌለበት ተክል ላይ ስትዞር ትውላለች፤ ምልክቱን ራስህ አበላሸህባት ማለት ነው። ወረዳው የሚሰቅለው የፌሮሞን ወጥመድ ከዚህ ጋር እንዳይምታታብህ። እሱ የእሳት ራቱን ወንድ የሚጠራ ነው፣ ተባዩ መግባት አለመግባቱን ለማወቅ ይጠቅማል፣ ዝንቧን አይጠራም።

ከውጭ ማምጣት ለምን አይሞከርም የሚልም አይጠፋም። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1906 ኮምፕሲሉራ የምትባል ታኪኒድ ከአውሮፓ አምጥተው ደን የሚያራቁት ትል ላይ ለቀቋት። እሷ ግን መራጭ አይደለችም፤ ከ200 በላይ ዝርያ ታጠቃለች፣ የአገሬውን ትልልቅ የሚያማምሩ የእሳት ራቶች ክፉኛ ጎድታለች። ያለችህን መንከባከብ ይሻላል።

እንክብካቤው ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም። እናትየዋ የምትኖረው በአበባ ማር ነው ብዬሃለሁ። እንደ እንስላልና ድንብላል ያሉ ጥቃቅን ክፍት አበቦችን እነዚህ ዝንቦች ይወዳሉ፣ አፋቸው ረጅም ስላልሆነ ይመቻቸዋል። የማሳውን ድንበር እስከ መጨረሻው አትመንጥረው። ሐርቡ ላይ ቦርከና ዳር እርሻ ያለው ሰው ጠርዙ ላይ ጥቂት ድንብላል ቢዘራ ለወጥም ይሆነዋል።

ስትለቅሙ ደግሞ (መልቀሙን ቀጥሉበት፣ ለትንሽ ማሳ ከሱ የተሻለ አላውቅም) ትልልቆቹን ከጭንቅላታቸው ኋላ እዩአቸው። ነጭ ነጥብ ያለበትን ለዶሮ አትስጡ። ያንን ቅጠል ጨምራችሁ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፣ አፉን በሻሽ እሰሩት፣ ዝንብ ከወጣ ማሳው ላይ ልቀቁ፣ የእሳት ራት ከወጣ ጨፍልቁት። እንቁላሉ ያልታየበትም ውስጡ እጭ ሊኖር ይችላል፣ ሁሉንም ማዳን ግን አይቻልም። ለተማሪዎችህም ከመጀመሪያው ሐሳብህ የተሻለ ትምህርት ነው፣ ወላሂ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ቅር እንዳይልህ። ዝንብ የገባበት ትል ያን ዕለት መብላት አያቆምም። የዘንድሮውን በቆሎ ብዙም አታድንልህም፤ ጥቅሟ የሚቀጥለውን ትውልድ ማሳነሷ ነው። ስለዚህ ማሳው በጣም ከተጠቃና የልማት ሠራተኛው ይረጭ ካለ አትከራከረው። ግን ሁሉን ማሳ አታልብሱት፤ ትል ያለበትን ተክል ብቻ፣ ጥቅል ቅጠሉ ውስጥ፣ ወደ ማታ። ትሉ የሚወጣው ያኔ ነው፣ ዝንቦቹ ደግሞ ፀሐይ ስትሞቅ ነው የሚሠሩት።

የዝንቧን ስም በፎቶ መወሰን አይቻልም፣ እነዚህን የሚለዩት ጀርባቸው ላይ ያለውን ፀጉር በማጉያ ቆጥረው ነው። የሞተች ካለችህ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ የሕክምና አልኮል አድርገህ ጨምራት፣ የወጣችበትን ቡናማ ቅርፊትም አብረህ። ወረቀት ላይ በእርሳስ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰብሉን ጻፍና ወረቀቱን እዚያው ውስጥ ክተተው፤ እስክሪብቶ አልኮል ያጥበዋል። ከዚያ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው ስታገኝ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ የሰብል ጥበቃ ክፍል ስጡልኝ በለው።